ሴናተርም ኮሎኔልም፦ የኤድዋርድ ቤከር ሕይወትና የአንድ ከሰዓት ውጊያ

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል የነዳ ሰው ሊስበርግ ይደርሳል። ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር አበሻ ከተማዋን የሚያውቃት ምናልባት ቅናሽ ልብስ ፍለጋ ጎራ በሚልበት የገበያ ማዕከል ይሆናል። ከገበያው ብዙም ሳይርቅ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ካለው ጫካ ውስጥ፣ በድንጋይ የታጠረች አንዲት ትንሽ መካነ መቃብር አለች። ውስጧ 25 የመቃብር ድንጋዮች ቆመዋል፤ ከሥራቸው የ54 ወታደሮች አጽም አርፏል። ስሙ የታወቀው የአንዱ ብቻ ነው።

እዚያው አቅራቢያ ለብቻው የተተከለ ሌላ ድንጋይ ኮሎኔል ኤድዋርድ ቤከር በዚህ ስፍራ መውደቁን ይናገራል። አስከሬኑ ግን እዚያ የለም። ቤከር በጥቅምት 1861 ሲሞት የጦር አዛዥ ብቻ አልነበረም፤ የኦሬገን ግዛት ሴናተርም ነበር። በአሜሪካ ታሪክ ወንበሩን እንደያዘ በውጊያ የተገደለ ሴናተር እሱ ብቻ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "እንዴት ተፈቀደለት?" ብሎ ነው። ሕግ አውጪ ሕግ ያወጣል፣ ወታደር ይዋጋል፤ ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማን ደረበው? ይህን ለመረዳት ሰውየው ያደገበትን የጠረፍ ፖለቲካ ማየት ይጠይቃል። እዚያ ሰው የማሳመን ችሎታና ሰው የማዘዝ ችሎታ እንደ አንድ ነገር ይቆጠሩ ነበር።

ቤከር የተወለደው በ1811 ለንደን ውስጥ ነው። ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ፊላደልፊያ አመጡት፤ ከዚያ ቤተሰቡ ወደ ምዕራብ እየገፋ ኢንዲያና፣ ቀጥሎም ኢሊኖይ ገባ። ኢሊኖይ እንደ ግዛት ኅብረቱን የተቀላቀለችው በ1818 ነበርና ገና ጎጆ እያወጣች ነበር ማለት ይቻላል። ሕግ መማር የፈለገ ወጣት ከአንድ ጠበቃ ይጠጋል፣ መጽሐፍ ይዋሳል፣ ፈቃድ ያወጣል። ቤከርም በዚሁ መንገድ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ጠበቃ ሆነ። ስለ ልጅነቱ የሚነገር አንድ ወግ አለ፦ ሕገ መንግሥቱን ሲያነብ ውጭ አገር የተወለደ ሰው ፕሬዚዳንት መሆን እንደማይችል አይቶ አለቀሰ ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ያወሩት ሰዎች ምን ያህል ሥልጣን ወዳድ አድርገው ያዩት እንደነበር ይነግረናል።

ያ "ጠረፍ" የሚባለው አገር ባዶ መሬት አልነበረም። በ1832 ብላክ ሆክ የተባለ የሳክ ሕዝብ መሪ፣ ከተገፉበት መሬት ለመመለስ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ያሉበትን ወገኑን ይዞ ሚሲሲፒን ተሻገረ። የኢሊኖይ ገዥ ሚሊሻ ጠራ። ዘመቻው ያበቃው ብዙዎቹ ወንዙን መልሰው ሊሻገሩ ሲሞክሩ ባድ አክስ በተባለ ቦታ በመጨፍጨፋቸው ነው። ቤከር ከዘማቾቹ አንዱ ነበር። አብርሃም ሊንከንም ዘምቶ ነበር፤ ሻምበልነቱን ያገኘው ደግሞ በምርጫ ነው።

ሻምበሉን የመረጡት ወታደሮቹ ራሳቸው ናቸው። በሊንከን ምርጫ ቀን ሁለቱ ተፎካካሪዎች ለብቻ ቆሙ፣ ዘማቹም ከወደደው ሰው ጎን ሄዶ ተሰለፈ ይባላል። የአሜሪካ መደበኛ ሠራዊት ያኔ በጣም ትንሽ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር፣ 31 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር የነበራት ወታደር 16,000 ገደማ ነው። ስለዚህ ጦርነት በመጣ ቁጥር ፕሬዚዳንቱ ለግዛቶቹ ጥሪ ያስተላልፋል፤ በየአካባቢው ስም ያለው ሰው አደባባይ ወጥቶ ይናገራል፣ ወዶ ዘማቾችን ይመዘግባል፣ ሺህ ሰው ያህል ከሰበሰበ የሬጅመንት ኮሎኔል ይሆናል። ማን ነው አደባባይ ወጥቶ ሺህ ሰው የሚያስከትል? ጠበቃና የምክር ቤት አባል! ድምፅ የሰጠው መራጭ ጠመንጃ ይዞም ይከተለዋል። ወታደራዊ ትምህርት የሚጠይቅ አልነበረም።

ቤከር በ1835 ስፕሪንግፊልድ ገባ (አሌክሳንድሪያ አጠገብ ያለችው የቨርጂኒያዋ ሳትሆን የኢሊኖይዋ ናት)። እዚያ ከሊንከን ጋር ተገናኙ። ሁለቱም ጠበቆች፣ ሁለቱም የዴሞክራቶች ተቀናቃኝ የነበረው የዊግ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። በ1837 ቤከር ለኢሊኖይ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠ፤ ከ1840 እስከ 1844 ደግሞ በግዛቱ ሴኔት ተቀመጠ። ጊዜው ለምክር ቤቱ ክፉ ነበር። ግዛቲቱ በ1837 መጀመሪያ ለባቡር ሐዲድ፣ ለቦይና ለመንገድ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚጠይቅ ዕቅድ አጽድቃ፣ በዚያው ዓመት የገንዘብ ቀውስ መጣና ሐዲዱ ሳይዘረጋ ዕዳው ቀረ። ዋና ከተማው ከቫንዳሊያ ወደ ስፕሪንግፊልድ እንዲዛወር የተወሰነውም በዚሁ ዓመት ነው፤ ቤከር ለአዲሱ ምክር ቤት ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ንግግር አድርጓል። ሰውየው ሲናገር ሕዝብ ሥራ ፈትቶ ይሰማው ነበር። ፋይል አደራጅቶ፣ ዝርዝር አጥንቶ የሚቀርብ ጠበቃ ግን አልነበረም፤ በአንደበቱ የሚተማመን ሰው ነው። ይህን ጠባዩን ልብ በሉልኝ፤ ወንዙ ዳር ስንደርስ እንመለስበታለን።

በ1843 ለዋሽንግተኑ ኮንግረስ አንድ ወንበር ሦስት ጓደኛሞች ፈለጉት፦ ሊንከን፣ ቤከርና ጆን ሃርዲን። የስፕሪንግፊልድ ዊጎች ቤከርን አስቀደሙ፤ ይባስ ብለው ሊንከንን ለቤከር ድምፅ እንዲሰጥ ወክለው ላኩት። ሊንከን ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሁኔታውን የገዛ ፍቅረኛውን ለቀማው ሙሽራ ሚዜ ከመሆን ጋር አመሳስሎታል። በመጨረሻ ዕጩነቱን ያገኘው ሃርዲን ነው። ከዚያ በኋላ ወንበሩ በተራ ዞረ፤ ሃርዲን፣ ከ1845 ጀምሮ ቤከር፣ ከ1847 ጀምሮ ሊንከን። ፉክክሩ ወዳጅነታቸውን አላፈረሰውም። ሊንከን በ1846 የተወለደውን ሁለተኛ ልጁን ኤድዋርድ ቤከር ሊንከን ብሎ ሰየመው። ልጁ አራት ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

በዚያው በ1846 የሜክሲኮ ጦርነት ተጀመረ። ሃርዲን የ1ኛ ኢሊኖይ ሬጅመንት ኮሎኔል ሆነ። ቤከር የኮንግረስ አባል ሆኖ ሳለ ከጦር ሚኒስቴሩ ልዩ ፈቃድ አግኝቶ 4ኛውን ሬጅመንት መለመለ። በታኅሣሥ ወር የጦር ግንባር መልእክት ይዞ ዋሽንግተን ተመለሰና የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ምክር ቤት ገብቶ ስለ ወዶ ዘማቾቹ ችግር ተናገረ።

የሕጉ ጥያቄ ያን ጊዜ አፈጠጠ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 6 በፌዴራል መንግሥት ሹመት ላይ ያለ ሰው የኮንግረስ አባል ሊሆን አይችልም ይላል። ነገሩ የመጣው ከእንግሊዝ ልምድ ነው፤ እዚያ ንጉሡ የፓርላማ አባላትን በሹመት ይገዛቸዋል የሚል ቅሬታ ነበር፣ አሜሪካኖቹም ያንን በር ለመዝጋት ፈለጉ። ወታደራዊ ማዕረግስ ሹመት ነው ወይ? የመደበኛው ጦር ጄኔራል ከሆነ ጥያቄ የለውም። ግዛት የሰበሰበው የወዶ ዘማች ሬጅመንት ኮሎኔል ሲሆን ግን መስመሩ ይደበዝዛል። ቤከር በዚያ ጊዜ የመረጠው ቀላሉን መንገድ ነው፤ በጥር 1847 ወንበሩን ለቆ ወደ ጦሩ ተመለሰ።

ሚያዝያ ላይ ሴሮ ጎርዶ በተባለው ውጊያ የብርጌዱ አዛዥ ጄምስ ሺልድስ (እሱም የቀድሞ የኢሊኖይ ምክር ቤት አባል!) ክፉኛ ሲቆስል ቤከር ተተክቶ ብርጌዱን መራ። በዚያ ቀን የእሱ ሬጅመንት ሰዎች የሜክሲኮውን መሪ የሳንታ አናን ሰው ሠራሽ እግር ማርከዋል፤ ሰውየው ቸኩሎ ሲሸሽ ጥሎት ሄዶ ነው። እግሩ እስካሁን ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የኢሊኖይ ወታደራዊ ሙዚየም ውስጥ አለ። ሃርዲን ግን አልተመለሰም፤ በየካቲት 1847 ቡዌና ቪስታ ላይ ወደቀ። ቤከር ከሜክሲኮ ስምና ዝና ይዞ ወጣ፤ የውጊያ ትምህርቱም በዚያ አበቃ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አራት ዓመት ጦር አላዘዘም።

እነዚያን ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው። ከሌላ ወረዳ ተወዳድሮ አንድ የኮንግረስ ዘመን አገለገለ፣ በፓናማ የባቡር ሐዲድ ሥራ ሞክሮ ታሞ ተመለሰ፣ በ1852 ሳን ፍራንሲስኮ ገብቶ ስመ ጥር ጠበቃ ሆነ። በ1859 የካሊፎርኒያው ሴናተር ብሮደሪክ የግዛቱ ዋና ዳኛ ከነበረ ሰው ጋር ገጥሞ በሽጉጥ ሲገደል የቀብሩን ንግግር ያደረገው ቤከር ነው። የዊግ ፓርቲ ከፈረሰ በኋላ ቤከር ሪፐብሊካን ሆኖ ነበር፤ ካሊፎርኒያ ግን ለሪፐብሊካን አልተመቸችም። ስለዚህ በ1860 መጀመሪያ፣ ግዛት ከሆነች ገና ዓመቷ ወደነበረው ኦሬገን ሄደ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የኦሬገን ምክር ቤት ሴናተር አድርጎ ላከው። ያን ጊዜ ሴናተርን የሚመርጡት የየግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ፤ የሕዝብ ድምፅ የመጣው በ1913 ነው። እንግዲህ ከጥቂት ደርዘን እንደራሴዎች ጋር በደንብ መነጋገር የሚችል ሰው ቤት ሳይሠራ ሴናተር ይሆናል። ቤከር ደግሞ መነጋገር አይቸግረውም።

መጋቢት 4 ቀን 1861 ሊንከን ቃለ መሐላ ሲፈጽም ለሕዝቡ ያስተዋወቀው ቤከር ነው። በዚያ ቀን የከተማውን ጥበቃ ያደራጀው ቻርልስ ስቶን የተባለ የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ምሩቅ ነበር። ይህን ስም ያዙት።

በሚያዝያ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ፤ በአንድ ወገን ኅብረቱ፣ በሌላው ከኅብረቱ የተገነጠሉት የደቡብ ባርነት ግዛቶች፣ ማለትም ኮንፌደሬቶች። ቤከር ኒው ዮርክ ላይ ሕዝብ ቀስቅሶ ሬጅመንት ማሰባሰብ ጀመረ። ስሙ "ካሊፎርኒያ ሬጅመንት" ነበር፤ የፓስፊክ ዳርቻ በጦርነቱ ድርሻ እንዲኖረው ብሎ ነው። ዘማቾቹ ግን በአብዛኛው የፊላደልፊያ ልጆች ነበሩ፤ በኋላም 71ኛ ፔንሲልቬኒያ ተባሉ። ሊንከን ብርጋዴር ጄኔራል አድርጎ ሾመው። ቤከር እምቢ አለ። ጄኔራልነት ግልጽ የፌዴራል ሹመት ስለሆነ ወንበሩን ያስለቅቀዋል፤ በኮሎኔልነቱ ላይ ግን ጥያቄው አጥብቆ አልተነሳም። ስለዚህ ኮሎኔል ሆኖ ብርጌድ ያዛል፣ በትርፍ ሰዓቱ ሴኔት ይገባል። እንደ እኔ፣ ይህ የሕጉን መንፈስ ሳይሆን ቀዳዳውን መጠቀም ነው። የተቃወመውም ብዙ አልነበረም፤ በጠረፍ ፖለቲካ ላደገ ትውልድ ነገሩ እንግዳ አልሆነበትም።

ነሐሴ 1 ቀን የኬንታኪው ሴናተር ጆን ብሬክንሪጅ፣ እስከዚያው ዓመት መጋቢት የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ሰው፣ ጦርነቱን የሚቃወም ንግግር ያሰማል። ቤከር ከጦር ሰፈሩ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ገብቶ፣ ጎራዴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አዳመጠው ይባላል። ከዚያ ተነስቶ መለሰለት፤ በጦርነት መካከል እንዲህ ያለ ንግግር ክህደት ነው አለው። ብሬክንሪጅም ብዙ ሳይቆይ ወደ ደቡብ ሄዶ የኮንፌደሬት ጄኔራል ሆነ።

ወደ ወንዙ እንምጣ። ፖቶማክ ያኔ የጦር ድንበር ነው፤ ሜሪላንድ በኩል የኅብረቱ ጦር፣ ቨርጂኒያ በኩል ኮንፌደሬቶች። በአካባቢው ያለው የኅብረቱ ጦር አዛዥ ያ ስቶን ነው፣ አሁን ብርጋዴር ጄኔራል። ዋናው አዛዥ ማክሌላን ጠላት ሊስበርግን ይለቅ እንደሆነ ለማየት ትንሽ የማስፈራሪያ እንቅስቃሴ እንዲያሳይ ጠየቀው። ጥቅምት 20 ሌሊት ጥቂት ቃኚዎች ወንዙን ተሻግረው፣ በጨረቃ ብርሃን የጠላት ድንኳን አየን ብለው ተመለሱ። 300 ያህል ሰው ድንኳኑን ሊያጠቃ ተላከ። ሲነጋ ድንኳኑ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። "ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ" ይላል ያገሬ ሰው።

እዚያ ላይ ቢመለሱ ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን አልተመለሱም፤ ጠዋት ላይ ከጠላት ጋር ተኩስ ተጀመረ። ስቶን ለቤከር ሙሉ ሥልጣን ሰጠው፦ ሰዎቹን መልስ፣ ወይም ተጨማሪ ጦር አሻግር፤ እንደ ሁኔታው ወስን። ቤከር ተሻግሮ ቦታውን ሳያይ፣ ስንት ጀልባ እንዳለ ሳይጠይቅ፣ ጦሩ እንዲሻገር አዘዘ። ከሜሪላንድ ወደ ሃሪሰን ደሴት አንድ ማቋረጥ ነው፣ ከደሴቱ ወደ ቨርጂኒያ ሌላ። ያሉት ጀልባዎች በአንድ ጊዜ ጥቂት ደርዘን ሰው ብቻ ይጭናሉ፤ ወንዙ በዝናብ ሞልቷል። ኮሎኔሉ ከአጠገቡ ካለው ቦይ አንድ ጀልባ አውጥቶ ወደ ወንዙ ለማስገባት ሲያስደክም ረጅም ሰዓት አለፈ። ወዲያ ማዶ ያሉት ሰዎች በዚያን ጊዜ የበላይ አዛዥ አልነበራቸውም።

ቤከር ራሱ የተሻገረው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ አልፎ ነው። ያገኘው ቦታ ለመከላከል የማይሆን ነበር። ከፊት ለፊት ከፍ ያለ ጫካ፣ ጠላት የያዘው፤ መካከል ላይ ሜዳ፤ ከኋላ ሠላሳ ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ ገደል፤ ከገደሉ ሥር ወንዝ። በየወገኑ የተሰለፈው 1,700 ያህል ሰው ስለነበር በቁጥር አልተበለጡም። ቤከር ከመስመሩ ፊት ወዲያና ወዲህ እያለ ሰዎቹን ያደፋፍር ነበር። ሲመሽ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ብዙ ጥይት መትቶት ወዲያው ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ውጊያ ሊባል አይችልም። ወታደሮቹ በገደሉ ተንሸራተቱ፣ አንዱ በሌላው ላይ ወደቀ። ጀልባዎቹ ከአቅማቸው በላይ ተጭነው ሰመጡ። ዋና የሚችለው ልብሱን ጥሎ ገባ፤ ከላይ እየተኮሱበት። ከኅብረቱ ወገን ከ500 በላይ ተማረኩ፣ ከ200 በላይ ሞቱ። ከቆሰሉት አንዱ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የተባለ ወጣት መኮንን ነበር፤ በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኗል። በቀጣዮቹ ቀናት ወንዙ አስከሬኖችን እስከ ዋሽንግተን ድረስ አወረደ።

ሊንከን ወሬውን የሰማው ከማክሌላን ቢሮ ቴሌግራፍ ነው፤ እንባውን እያፈሰሰ ወጣ። ልጁ ዊሊ ለቤከር መታሰቢያ ግጥም ጽፎ ጋዜጣ ላይ ወጣለት። የዋሽንግተን ሰው ሀዘኑ በረድ ሲል ጥፋተኛ መፈለግ ጀመረ። ጥፋቱ የማን ነበር? ያልተጣራ ወሬ ያመጡት ቃኚዎች አሉ፤ ግልጽ ያልሆነ ትእዛዝ የሰጡት ማክሌላንና ስቶን አሉ፤ ጀልባ ሳይቆጥር ያሻገረው ቤከር አለ። እኔ ትልቁን ድርሻ ለቤከር እሰጣለሁ። ኮንግረስ ግን የራሱን ሰው፣ ያውም በጀግንነት የወደቀውን፣ ጥፋተኛ ሊል አልፈለገም።

በታኅሣሥ 1861 የጦርነቱን አመራር የሚመረምር የሁለቱ ምክር ቤቶች ጣምራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የኦሃዮው ሴናተር ቤንጃሚን ዌድ ነበር። ስቶን ላይ ቀድሞም ቂም ነበረ፤ ያመለጡ ባሮች ለጌቶቻቸው እንዲመለሱ በማድረጉ ከማሳቹሴትስ ፖለቲከኞች ጋር ተጋጭቶ ነበር፣ ያም ጥርጣሬውን አጠናከረው። ምስክሮች በዝግ ተሰሙ፤ ስቶን ማን ምን እንዳለ አልተነገረውም። በየካቲት 1862 ሌሊት ተያዘ። የጦሩ ደንብ የታሰረ መኮንን በስምንት ቀን ውስጥ ክሱ እንዲሰጠው ያዝ ነበር። ስቶን 189 ቀን ታሰረ፤ ክስ የሚባል አልቀረበበትም፣ ሲለቀቅም ለምን እንደታሰረ የነገረው የለም።

የስቶን ቀሪ ሕይወት እኛንም ይነካናል። ጦርነቱ ሳያልቅ ሠራዊቱን ለቀቀ፤ በ1870 የግብፁ ገዥ (ከዲቭ) ኢስማኢል ቀጥሮት ካይሮ ገባ፣ የግብፅ ጦር ኤታማዦር ሹምም ሆነ። ኢስማኢል ከሰሜንም ከደቡብም የአሜሪካ መኮንኖች ቀጥሮ ነበር። የግብፅ ጦር ጉንደትና ጉራ ላይ፣ ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር 1868 ዓ.ም.፣ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ድል ሲመታ ስቶን በዚያ ሹመት ላይ ነበር። ጉራ ላይ ከግብፁ አዛዥ ጎን የነበረው ዊሊያም ሎሪንግ ደግሞ በሜክሲኮ ጦርነት አንድ እጁን ያጣ፣ በኋላም የኮንፌደሬት ጄኔራል የሆነ ሰው ነው።

ስቶን በ1883 ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ቀጥሎ ያገኘው ሥራ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ የነፃነት ሐውልት የሚቆምበትን መሠረት በዋና መሐንዲስነት መምራት ነበር። ጥቅምት 28 ቀን 1886 ሐውልቱ ሲመረቅ ሰልፉን የመራው እሱ ነው፤ በሦስተኛው ወር ገደማ ሞተ። የቤከር አስከሬን በመርከብ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተወስዶ ስለነበር፣ ሊስበርግ ጫካ ውስጥ የቀረው ድንጋዩ ብቻ ነው።